ስኳር ላለበት አዋቂ፦ ኤዋንሲ፣ ግሉኮሜትር፣ ሴንሰር ወይስ የእድገት ሆርሞን ምርመራ?

ስኳር ላለበት ሰው የሚታዘዘው ምርመራ ከዓመት ዓመት እየበዛ ነው። በባዶ ሆድ የሚታየው ድሮም ነበረ። «የሦስት ወሩ» የሚባለው ኤዋንሲ ተጨመረ። ቤት ውስጥ ጣት ተወግቶ የሚለካበት ግሉኮሜትር መጣ። ክንድ ላይ ተለጥፎ ቀንና ሌሊት የሚለካው ሴንሰር ተከተለ። አሁን ደግሞ፣ በተለይ ውጭ አገር፣ «የእድገት ሆርሞንዎንም እንይልዎት» የሚሉ የግል ክሊኒኮች አሉ። ወረቀቱ ላይ የሚመጣው ስም አይጂኤፍ-1 ነው።

ሁሉን ለማሠራት ኪስ አይፈቅድም። ቢፈቅድም ብዙ አይጠቅምም። እኔ የምመርጠው በአንድ ጥያቄ ነው። ውጤቱ ከፍ ቢል ምን አደርጋለሁ? ዝቅ ቢልስ? ለሁለቱም መልሱ «ያው የማደርገውን» ከሆነ ምርመራው ይቅር። ገንዘቡ ለስትሪፕ (ግሉኮሜትሩ ውስጥ ገብቶ የደም ጠብታ ለሚቀበለው ቁራጭ) ይሁን።

አቋሜን ከወዲሁ ልናገር። ለአብዛኛው ሰው ኤዋንሲና ግሉኮሜትር አብረው ከተያዙ ይበቃሉ። ኢንሱሊን የሚወጋ፣ በተለይም ስኳሩ ሳይታወቀው የሚወርድበት ሰው፣ አቅሙ ከፈቀደ ሴንሰር ያስፈልገዋል። አይጂኤፍ-1 ግን የስኳር ቁጥጥር መለኪያ ሆኖ አያገለግልም። የራሱ ቦታ አለው፤ እደርስበታለሁ። ከሁሉም በላይ ጠቃሚ መረጃ የሚገኘው ደግሞ ሁለት መለኪያዎች ሳይስማሙ ሲቀሩ ነው።

ኤዋንሲ

ደም ውስጥ ያለ ስኳር በቀይ የደም ሕዋስ ውስጥ ካለው ሄሞግሎቢን ጋር ይጣበቃል። ስኳሩ በበዛ ቁጥር የሚጣበቀው ይበዛል። አንድ ቀይ የደም ሕዋስ 120 ቀን ገደማ ይኖራል። ስለዚህ ኤዋንሲ ያለፉትን ሁለት ሦስት ወራት አማካይ ይናገራል። በውስጡ ግን ትልቁ ድርሻ የመጨረሻው ወር ነው፤ ግማሽ ያህሉ ከዚያ ይመጣል። በባዶ ሆድ መሄድም አያስፈልግም። ቁርስ በልቶ መሠራት ይቻላል።

6.5 በመቶና ከዚያ በላይ ከሆነ የስኳር ሕመም ይባላል። ከ5.7 እስከ 6.4 ያለው ቅድመ ስኳር ነው። ሕመሙ ያለባቸው ብዙ አዋቂዎች ግባቸው ከ7 በታች ነው። በዕድሜ ለገፋ፣ ሌላ ከባድ ሕመም ላለበት ወይም ስኳሩ ቶሎ ቶሎ ለሚወርድበት ሰው 8 አካባቢም ተቀባይነት አለው። የሰማንያ ዓመት እናትን «ለምን 6.5 አልሆነም» ብሎ ማስጨነቅ ጥቅም የለውም። ጉዳት ግን አለው፤ አንድ ሌሊት ስኳር ወርዶ ቢወድቁ የዳሌ አጥንት ይሰበራል።

ቁጥሩን ወደ ቤት መለኪያ ቋንቋ መመለስ ይረዳል። 6 በመቶ ማለት በአማካይ 126 ሚሊግራም በዴሲሊትር ነው። 7 ማለት 154 ነው። 8 ወደ 183፣ 9 ወደ 212፣ 10 ወደ 240 ይሄዳል። እንግሊዝና ስዊድን ያላችሁ ኤዋንሲን በሌላ አሃድ ታያላችሁ፤ እዚያ 53 የሚለው ቁጥር 7 በመቶ ነው። የደም ስኳሩም በሚሊሞል ይመጣል። በ18 አባዙትና ኢትዮጵያ፣ አሜሪካና እስራኤል የሚጻፈውን ቁጥር ታገኛላችሁ። ስልክ ላይ እናት «150 ሆንኩ» ስትል ለንደን ያለ ልጅ የሚደነግጠው በዚህ ምክንያት ነው። 150 በእሱ መለኪያ 8.3 ነው።

የኤዋንሲ ትልቁ ጥቅም አለመታለሉ ነው። ብዙ ሰው ቀጠሮው ሦስት ቀን ሲቀረው ዳቦ ያቆማል፣ ሻዩን ያለ ስኳር ይጠጣል፣ ጠዋት ጠዋት ይራመዳል። በባዶ ሆድ የሚለካው ስኳር ይወርድለታል። ሐኪሙም «ጎበዝ» ይላል። ኤዋንሲ ግን ያለፈውን ወር ሁሉ ያስታውሳል።

ድክመቱ ሁለት ነው። አንደኛ፣ አማካይ ነው። ቀን 280 ሌሊት 55 የሚሆን ሰውና ሁልጊዜ 150 አካባቢ የሚቆይ ሰው ተቀራራቢ ቁጥር ሊያመጡ ይችላሉ። ኑሯቸው ግን ሰማይና ምድር ነው።

ሁለተኛው ከደም ሕዋሱ ጋር የተያያዘ ነው። የሕዋሱ ዕድሜ ከተዛባ ቁጥሩም ይዛባል። በብረት እጥረት የመጣ ደም ማነስ ኤዋንሲን ያለ ስኳር ጭማሪ ከፍ ሊያደርገው ይችላል። ብረት መውሰድ ሲጀመር አዳዲስ ሕዋሳት ይመጡና ቁጥሩ ይወርዳል። ሰውየው ምግቡን ሳይለውጥ የተሻለው ይመስለዋል። በሌላ በኩል ደም የፈሰሰው፣ ደም የተሰጠው፣ በወባም ይሁን በሌላ ምክንያት ቀይ ሕዋሱ እየፈረሰ ያለ፣ ወይም ኩላሊቱ ታሞ ደም የሚያበዛ መርፌ የሚወስድ ሰው ከእውነቱ ያነሰ ቁጥር ሊያይ ይችላል። እርግዝናም ዝቅ ያደርገዋል። ስለዚህ ኤዋንሲ ሲሠራ የሄሞግሎቢን መጠንም አብሮ ቢታይ ጥሩ ነው። ርካሽ ምርመራ ነው፤ ብዙ ግራ መጋባትም ያድናል።

እንዲህ ዓይነት ችግር ላለበት ሰው ፍሩክቶሳሚን የሚባል አማራጭ አለ። እሱ የሚያየው ከደም ፕሮቲን ጋር የተጣበቀውን ስኳር ነው። ያለፉትን ሁለትና ሦስት ሳምንታት ይናገራል። የደም ማነስ ብዙም አያስቸግረውም። ነገር ግን አልቡሚን የሚባለው ፕሮቲን በጉበት ወይም በኩላሊት ሕመም ምክንያት ከቀነሰ እሱም ይሳሳታል። በየላቦራቶሪው አይገኝም። ካልተገኘ በግሉኮሜትር በሥርዓት የተያዘ መዝገብ ይተካዋል።

በባዶ ሆድ የሚለካው

አጭር ነው የምለው። ከ100 በታች ጤናማ፣ ከ100 እስከ 125 ቅድመ ስኳር፣ 126ና ከዚያ በላይ በሌላ ምርመራ ሲረጋገጥ ስኳር ነው። ርካሽ ነው፣ ጤና ጣቢያም ይገኛል። ኤዋንሲ በሌለበት ቦታ ሕክምናው የሚመራው በእሱ ነው፤ ከምንም ይሻላል። ችግሩ የሚያየው አንዲት የጠዋት ሰዓት ብቻ መሆኑ ነው። ከምሳ በኋላ፣ ከእራት በኋላ ምን እንደሆነ አያውቅም።

ግሉኮሜትር፦ መሣሪያው ሳይሆን አያያዙ

ግሉኮሜትር ሲመርጡ ከሁሉ በፊት የሚጠየቀው ስትሪፑ በሚኖሩበት ከተማ ይገኛል ወይ የሚለው ነው። ስትሪፕ የሚሠራው ከራሱ መሣሪያ ጋር ብቻ ነው። ከውጭ በሻንጣ የመጣ ቆንጆ ግሉኮሜትር አብሮት የመጣው ስትሪፕ ሲያልቅ የመሳቢያ ጌጥ ይሆናል። ለቤተሰብ ዕቃ የምትልኩ፣ መጀመሪያ እዚያ ያለውን መሣሪያ ፎቶ አስነሡ፤ ስትሪፑን ከዚያ በኋላ ግዙ። ጊዜ ያለፈበትን አትላኩ። የሚመጥነው ሙቀትና ከፍታ በመመሪያው ላይ ተጽፏል፤ ደጋ አገር ለሚኖር ሰው ማየቱ አይከፋም።

ትክክለኛነቱን በተመለከተ፣ ዓለም አቀፉ የጥራት መስፈርት የሚጠይቀው እንዲህ ነው። ስኳሩ 100ና ከዚያ በላይ ሲሆን ከመቶ 95ቱ ልኬት ከላቦራቶሪው በ15 በመቶ ውስጥ መውደቅ አለበት። ከ100 በታች ሲሆን ደግሞ በ15 ነጥብ ውስጥ። ስለዚህ 142ና 151 በተግባር አንድ ቁጥር ናቸው። «ትናንት 142 ነበርኩ፣ ዛሬ 151 ሆንኩ» ብሎ ምሳ መተው አያስፈልግም።

እጅ መታጠብ ግን ቀልድ የለውም። ብርቱካን ልጦ ሳይታጠብ ጣቱን የወጋ ሰው የሚለካው ደሙንና ብርቱካኑን ነው። ቁጥሩ በብዙ ሊዘል ይችላል። በሳሙና ታጥቦ ማድረቅ፣ ጣትን ከጎን በኩል መውጋት (ጫፉ ያማል)፣ የስትሪፑን ጣሳ ወዲያው መክደን። ሌላ ጥበብ የለውም።

መቼ ይለካ? ስትሪፕ ውድ ስለሆነ ይህ ከመሣሪያው ምርጫ ይበልጣል። ብዙ ሰው ዓመት ሙሉ ጠዋት ጠዋት ብቻ ይለካል። የተለመደው ግብ ከምግብ በፊት ከ80 እስከ 130፣ መብላት ከተጀመረ ከሁለት ሰዓት በኋላ ከ180 በታች ነው። እንበል አንዲት እናት የጠዋቱን ብቻ ይለካሉ። መዝገቡ 118፣ 124፣ 121፣ 116 ይላል። ደስ ይላል። ኤዋንሲ ሲሠሩ 8.6 መጣ። ይህ ማለት አማካዩ 200 ገደማ ነው። ላቦራቶሪው ተሳሳተ ይባላል። አዲስ ላቦራቶሪ ይፈለጋል። እኔ ግን መጀመሪያ የእራቱን ሰዓት እጠይቃለሁ። ሦስት ቀን ከእራት ሁለት ሰዓት በኋላ ይለኩ። 260፣ 245፣ 271 ሊመጣ ይችላል። ማታ ሁለት እንጀራ በሽሮ፣ ከዚያ ሻይ በሁለት ማንኪያ ስኳር። ችግሩ ያለው እዚያ ነው፤ ጠዋት ሲደርስ አካሉ ጨርሶታል። ይህን ያወቀ ሐኪም መድኃኒቱን በሌላ መልክ ያስተካክላል። እንጀራውም ወደ አንድ ይወርዳል። ይህን የነገሩን ሦስት ስትሪፖች ናቸው እንጂ አዲስ ምርመራ አይደለም።

ተቃራኒውም ይመጣል። ግሉኮሜትሩ ቀኑን ሙሉ 190፣ 210 እያለ ኤዋንሲ 6.1 ሲሆን። 6.1 አማካዩ 128 ነው፤ አይገጥምም። ያኔ ደም ማነስ፣ የደም መፍሰስ፣ የኩላሊት ሁኔታ ይጠየቃል። በዚህ ጊዜ የሚታመነው ግሉኮሜትሩ ነው።

የጾም ነገርም እዚህ ይነሣል። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾም ሰው የመጀመሪያው ማዕድ ላይ ይጎዳል። ረሃቡ ይበረታል፣ ምግቡ በሙሉ ከእህልና ከጥራጥሬ ነው። ስትሪፑን ለዚያ ሰዓት ያስቀምጥ። ኢንሱሊን ወይም እንደ ግሊቤንክላሚድ ያለ ክኒን የሚወስድ ሰው ደግሞ ከመብላቱ በፊት ባለው ሰዓት መለካት አለበት፤ ስኳር የሚወርደው ያኔ ነው። በረመዳን ጣት መወጋት ጾም እንደማያፈርስ በስኳርና ረመዳን ላይ የወጣው ዓለም አቀፍ መመሪያ ይናገራል። ከ70 ከወረደ ወይም ከ300 ካለፈ ጾሙ ይፈታል ይላል። ከ70 በታች ሲሆን ሦስት የሻይ ማንኪያ ያህል ስኳር በውኃ በጥብጦ ጠጥቶ፣ ከ15 ደቂቃ በኋላ እንደገና መለካት ነው። እንቁላል ጥብስ እስኪደርስ አይጠበቅም።

ሴንሰሩ

ሴንሰር ከቆዳ ሥር ባለው ፈሳሽ ውስጥ ያለውን ስኳር ይለካል። ከደሙ ጥቂት ደቂቃ ወደ ኋላ ይቀራል። ስኳሩ በፍጥነት ሲወጣ ወይም ሲወርድ ከጣቱ ጋር አለመግጠሙ በዚህ ነው። ፍሪስታይል ሊብሬ 2 ለ14 ቀን፣ ዴክስኮም ጂ6 ለ10 ቀን ይለጠፋሉ።

የሚሰጠው አዲስ ነገር «በግቡ ውስጥ የቆየበት ጊዜ» የሚባለው ነው። ከ70 እስከ 180 ባለው ውስጥ ከቀኑ ምን ያህሉን ቆየ? ለአብዛኛው አዋቂ ከ70 በመቶ በላይ ጥሩ ነው። ከ70 በታች የሚያሳልፈው ከ4 በመቶ እንዳይበልጥ፣ ከ54 በታች ደግሞ ከ1 በመቶ በታች እንዲሆን ይፈለጋል። ለአረጋውያን 50 በመቶ ይበቃል፤ ዋናው እንዳይወርድባቸው ነው። ቀደም ሲል ያነሣኋቸውን ሁለት ሰዎች፣ ኤዋንሲያቸው ተቀራራቢ የሆኑትን፣ የሚለያቸው ይህ ነው።

ሌሊት ሲወርድ ይጮሃል። ብቻውን ለሚተኛ፣ ላብና መንቀጥቀጥ ሳይሰማው ለሚወርድበት ሰው ይህ ሕይወት ነው። ለእንዲህ ያለ ሰው ሴንሰር ቅንጦት ነው ብዬ አልከራከርም። ሜትፎርሚን የሚባለውን ክኒን ብቻ ለሚወስድ፣ ኤዋንሲው 6.8 ለሆነ ሰው ግን የመንገድ ላይ ዜና ነው። ያስደስታል፣ ያስጨንቃል፣ ብዙ አይለውጥም።

ይሳሳታል ወይ? አዎ። ሴንሰሩ በተለጠፈበት ክንድ ተጭኖ የተኛ ሰው ሌሊት የሐሰት መውረድ ሊያይ ይችላል። ብዙ ቫይታሚን ሲ መውሰድ ሊብሬ ላይ ቁጥሩን ከፍ ሊያደርግ ይችላል። ስሜትና ቁጥር ካልተስማሙ ጣት ይወጋ። ግሉኮሜትሩን አትጣሉ ማለቴ ነው።

ዋጋውን በሚመለከት፣ አሜሪካ ውስጥ ሜዲኬር የሚባለው የመንግሥት የጤና መድን ከ2023 ወዲህ ኢንሱሊን ለሚወስድ ሁሉ በር ከፍቷል። እንግሊዝ ዓይነት 1 ስኳር (ቆሽት ኢንሱሊን ማምረት የሚያቆምበት) ላለባቸው አዋቂዎች ከ2022 ጀምሮ እንዲቀርብ ተወስኗል። መብታችሁን ጠይቁ፤ ብዙ ወገኖቻችን ሳይጠይቁ ይቀራሉ። ከኪሳችሁ የምትከፍሉ ከሆነ መካከለኛ መንገድ አለ። ዓመቱን ሙሉ ከመለጠፍ ከቀጠሮ በፊት አንድ የ14 ቀን ሴንሰር መጠቀም ነው። የሁለት ሳምንት መረጃ ለሐኪሙ ንድፉን ለማየት ይበቃዋል።

የእድገት ሆርሞኑ ጉዳይ

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው።

የእድገት ሆርሞንና ስኳር የቆየ ጠብ አላቸው። አርጀንቲናዊው በርናርዶ ሁሴይ ጭንቅላት ሥር ያለችው ፒቱታሪ ዕጢ ሲወጣላቸው ስኳር ያለባቸው ውሾች ሕመማቸው እንደሚቀልላቸው አሳየ። በ1947 ኖቤል ሽልማት የተካፈለው ፒቱታሪ በስኳር ላይ ያላትን ሚና በማሳየቱ ነው። የእድገት ሆርሞን ልጆችን ያሳድጋል፤ አዋቂ ላይም ሥራው አያቆምም። ስብ እንዲቀልጥ ያደርጋል፣ የኢንሱሊንንም ሥራ ይገታል። ስለዚህ ሲበዛ ስኳር ይጨምራል።

ይህን በየጠዋቱ የሚያየው ሰው አለ። ማታ 130 ተኝቶ፣ ምንም ሳይበላ ጠዋት 175 ይነሣል። ከሌሊቱ 10 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 2 ሰዓት ባለው ጊዜ የሚወጣው ይህ ስኳር ከምክንያቶቹ አንዱ በሌሊት የሚፈሰው የእድገት ሆርሞን ነው። ለዚህ ሲባል ሆርሞኑን መለካት አያስፈልግም። ከሌሊቱ 9 ሰዓት (በፈረንጆቹ 3) ተነሥቶ ሁለት ሦስት ሌሊት መለካት ነው። ከ70 በታች ከሆነ የማታው ኢንሱሊን በዝቶ ይሆናል። ደህና ከሆነና ጠዋት ከወጣ የንጋቱ ጉዳይ ነው። ሕክምናቸው ተቃራኒ ስለሆነ መለየቱ ግድ ነው። ሴንሰር ያለው ሰው ደግሞ እንቅልፉን ሳያጣ ያየዋል።

አሁን ሁለቱን የሆርሞን ምርመራዎች እናወዳድር። የእድገት ሆርሞኑ ራሱ እየፈነዳ ነው የሚወጣው፣ ይበልጡን በጥልቅ እንቅልፍ ጊዜ። ደም ውስጥ የሚቆየው ለደቂቃዎች ነው። ከጠዋቱ 4 ሰዓት ላይ የተወሰደ አንድ ናሙና ዜሮ ሊጠጋ ወይም ከፍ ሊል ይችላል፤ ሁለቱም ጤናማ ሊሆኑ ይችላሉ። «የእድገት ሆርሞንህ ዝቅ ብሏል» በሚል አንድ ናሙና ገንዘብ የሚጠይቅ ካለ ተጠንቀቁ። አይጂኤፍ-1 ግን ሆርሞኑ ጉበትን ሲያዝዝ የሚሠራ ነገር ነው። ቀኑን ሙሉ ብዙ አይዋዥቅም። ለዚህ ነው ሐኪሞች እሱን የሚያስቀድሙት። በዕድሜ እየቀነሰ ስለሚሄድ ከእኩዮች ጋር ብቻ ይነጻጸራል። የ60 ዓመት ሰው ውጤት ከ25 ዓመት ወጣት ጋር ተነጻጽሮ «አነሰ» መባል የለበትም።

ስኳር ላለበት ሰው ሌላ ወጥመድ አለ። ጉበት የእድገት ሆርሞንን ትእዛዝ የሚሰማው በቂ ኢንሱሊን ከቆሽት በቀጥታ ሲደርሰው ነው። ዓይነት 1 ስኳር ላለበትና ኢንሱሊኑ ላልተስተካከለ ሰው ጉበቱ ጆሮ ይነፍጋል። አይጂኤፍ-1 ይወርዳል። ፒቱታሪዋ ይህን አይታ ሆርሞኑን ትጨምራለች። ሆርሞኑ ደግሞ ስኳሩን ያባብሳል። ኢንሱሊኑ ሲስተካከል አይጂኤፍ-1 ይነሣል። እንግዲህ ኤዋንሲው 11 የሆነ ሰው አይጂኤፍ-1 ቢያንስበት ፒቱታሪው ታመመ ማለት አይቻልም። መጀመሪያ ስኳሩ ይያዝ፣ ከዚያ ምርመራው ይደገም። ዓይነት 2 ላይ ደግሞ ውፍረቱ፣ ዕድሜው፣ የጉበት ስቡ ስለሚገቡበት ውጤቱ ከሰው ሰው ይለያያል።

የምግብ እጥረትም አይጂኤፍ-1ን ይጥላል። የጉበት ሕመም፣ የታይሮይድ መዳከም፣ በአፍ የሚወሰድ ኢስትሮጅንም እንዲሁ። ጎንደር ዙሪያ ገጠር የተሠሩ ጥናቶች ቀጭን፣ ወጣት፣ ድኃ ሆነው ኢንሱሊን የሚያስፈልጋቸውን ሕሙማን ከዓመታት በፊት ዘግበዋል። የዓለም አቀፉ የስኳር ፌዴሬሽን ከምግብ እጥረት ጋር የተያያዘውን ስኳር «ዓይነት 5» ብሎ የተቀበለው በ2025 ነው። እንዲህ ያለ ሰው ላይ አይጂኤፍ-1 ቢያንስ ቁጥሩ የሚናገረው ስለ ረሃብ ነው። መጀመሪያ ሳህኑ ይታይ።

ታዲያ አይጂኤፍ-1 መቼ ይሠራ? ጣት እየወፈረ ቀለበት አልገባ ሲል። አዋቂ ሆኖ የጫማ ቁጥር ሲጨምር። አገጭ ሲወጣ፣ ጥርስ ሲራራቅ፣ ላብ ሲበዛ፣ ማንኮራፋትና ራስ ምታት ሲጨመር። ይህ የእድገት ሆርሞን በሚያመርት የፒቱታሪ ዕጢ ምክንያት ሊመጣ ይችላል፤ አክሮሜጋሊ ይባላል። ስኳርንም ያመጣል፣ ያለውንም አልታዘዝ እንዲል ያደርጋል። ለውጡ በዓመታት ስለሚመጣ አብሮ የሚኖር ሰው አያስተውለውም። የድሮ መታወቂያ ፎቶ ከዛሬው ጋር ማስተያየት ሐኪሞች የሚጠቀሙበት ዘዴ ነው። አይጂኤፍ-1 ከፍ ካለና ከተጠራጠሩ 75 ግራም ግሉኮስ አጠጥተው ሆርሞኑ ይወርድ እንደሆነ ያያሉ። ጤናማ ሰው ላይ ሆርሞኑ ከ1 ናኖግራም በሚሊሊትር በታች ይወርዳል። ስኳሩ በጣም ከፍ ያለ ሰው ግን ይህን ምርመራ አይሠራም፤ ውጤቱም አይታመንም፣ ግሉኮሱም አይመከርም።

በተቃራኒው ደግሞ መውረዱን የሚያስጠረጥር አለ። የፒቱታሪ ቀዶ ሕክምና ወይም ጨረር የተደረገለት፣ ከባድ የጭንቅላት ጉዳት የደረሰበት ሰው። በወሊድ ጊዜ ብዙ ደም ፈሷት ከዚያ ጡቷ ወተት ያላወጣ፣ የወር አበባዋም ያልተመለሰ እናትም። ስኳር ካለባት አንድ እንግዳ ነገር ታያለች፤ የኢንሱሊን ፍላጎቷ ይቀንስና ቶሎ ቶሎ ይወርድባታል። «ስኳሬ ለቀቀኝ» ብላ ደስ ሊላት ይችላል። ሐኪም ጋ መሄድ ያለባት ያኔ ነው። ኮርቲሶል የሚባለው፣ በፒቱታሪ የሚታዘዘው ሌላ ሆርሞኗም አብሮ መታየት አለበት፤ ከእድገት ሆርሞኑ ይልቅ የእሱ መጉደል አስቸኳይ ነው።

መጉደሉን ለማረጋገጥ አነቃቂ ምርመራ ያስፈልጋል። በኢንሱሊን ስኳርን አውርዶ ሆርሞኑ ይነሣ እንደሆነ የሚያየው የቆየው መለኪያ ነው፤ የልብ ሕመም ወይም የሚጥል በሽታ ላለበት አይሠራም። በግሉካጎን የሚሠራው ይቀላል፤ ነገር ግን ውፍረትና ያልተያዘ ስኳር ውጤቱን ያዛባሉ። በአፍ የሚጠጣ ማሲሞረሊን የሚባል ደግሞ አሜሪካ በ2017 ፈቅዳለች። ኢንሱሊን ለሚወጋና ስኳሩ ለሚወርድበት ሰው እኔ ብሆን የመጀመሪያውን በመጨረሻ ነው የማስበው። ምርጫው ግን የኢንዶክራይን (የሆርሞን) ሐኪም ነው።

ስለ መርፌውና ስለ ዓይን

«ጡንቻ ያወጣል፣ ያድሳል» እየተባለ በጂም አካባቢ የሚሸጠው የእድገት ሆርሞን መርፌ አለ። ኤምኬ-677 የሚባለው ክኒንም ሆርሞኑን የሚቀሰቅስ፣ መድኃኒት ተብሎ ያልጸደቀ ነገር ነው። ሁለቱም ስኳር ይጨምራሉ። አይጂኤፍ-1 ከፍ ሲል ሻጩ ይደሰታል፤ የእርስዎ ኤዋንሲ ይከተለዋል። አሜሪካ ውስጥ የእድገት ሆርሞንን ለዕድሜ ማስቀነሻ ወይም ለሰውነት ማፈርጠሚያ ማከፋፈል ራሱ ሕገ ወጥ ነው። በእውነት ጎድሎበት በሐኪም ትእዛዝ የሚወስድ ስኳር ያለበት ሰው ደግሞ መጠኑ ሲጀመርም ሲጨመርም ስኳሩን መለካት፣ መድኃኒቱንም ማስተካከል አለበት። ሬቲናው (ከዓይን ኋላ ያለው ብርሃን ተቀባይ ሽፋን) በስኳር ክፉኛ ከተጎዳ መርፌው ጨርሶ አይሰጠውም።

ዓይንን ያነሣሁት በሌላም ምክንያት ነው። በ1993 ውጤቱ የወጣው ዲሲሲቲ የተባለው ትልቅ የአሜሪካና የካናዳ ጥናት ዓይነት 1 ያለባቸውን 1,441 ሰዎች ተከታትሏል። ስኳራቸውን ጠበቅ አድርገው የያዙት የዓይን ጉዳታቸው በጣም ቀነሰ። ነገር ግን በመጀመሪያው ዓመት አካባቢ አንዳንዶቹ ዓይናቸው ለጊዜው ባሰባቸው። ስኳር በድንገት ሲስተካከል የሚነሣው አይጂኤፍ-1 በዚህ እጁ እንዳለበት የሚጠረጥሩ ተመራማሪዎች አሉ። ይህ ስኳርን ላለማውረድ ሰበብ አይሆንም፤ በዓመታት ውስጥ ያተረፉት እነዚያው ናቸው። ኤዋንሲው 12 ሆኖ ኢንሱሊን ወይም አዲሶቹን ሳምንታዊ መርፌዎች የሚጀምር ሰው ግን ከመጀመሩ በፊት ብሌኑ ሰፍቶለት ሬቲናው ይታይ። ጉዳት ከተገኘበት የስኳሩ አወራረድ ቀስ ይላል፣ የዓይን ቀጠሮውም ይቀራረባል።